ቼክ ኢንጂን በርቷል? ሴንሰር ከመግዛትህ በፊት

ሴንሰር አትግዛ አቦ። ቢያንስ ዛሬ አትግዛ።

ይህን የምልህ የማያስፈልጉኝን ሁለት ሴንሰሮች ገዝቼ ስለማውቅ ነው። አንዱ እስካሁን ቤት ውስጥ ከነካርቶኑ ተቀምጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ2003 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ። አንድ ጠዋት ከድሬ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ጉልበቷ ቀነሰ፣ ቼክ ኢንጂን በራ። ስመለስ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ልጁ ማሽኑን ሰካ፣ ስክሪኑ ላይ ፒ0171 የሚል አየ፣ ኮፈን እንኳን ሳይከፍት "ኦክስጅን ሴንሰር ነው" አለኝ። ገዛሁ፣ ተገጠመ፣ መብራቱ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን እዚያው ደንገጎ ላይ በራ። "እንግዲያው የአየሩ ሴንሰር ነው" ተባልኩ። እሱንም ገዛሁ። እንደገና በራ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ራሴ ነኝ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ በባዶ እጄ። ከአየር ፊልትሮው ቤት ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጥቁር የጎማ ቱቦ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል። ሞተሩ ቆሞ ስታየው ስንጥቁ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፣ ምንም የለም ብለህ ታልፈዋለህ። ጣቴን ከሥር አስገብቼ ሳጎብጠው ግን አፉን ከፈተ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ ሞተሩ ትንሽ ያዘነብላል፣ ቱቦው ይወጠራል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፣ በሴንሰሩ በኩል ሳያልፍ አየር ይገባል። ኮምፒውተሩ ይህን ያልተቆጠረ አየር አያውቀውም፤ የሚያውቀው ከጭሱ ውስጥ የተረፈ ኦክስጅን መብዛቱን ብቻ ነው። ስለዚህ "ቤንዚን አንሷል" ብሎ ይጮኻል። ፒ0171 ማለት ይኸው ነው። ሁለቱም ሴንሰሮቼ ሥራቸውን በትክክል እየሠሩ ነበር፣ እኔ ነኝ ያባረርኳቸው።

እንግዲህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚያች ቱቦ የተማርኩት ነው። ኮድ የጮኸውን ነው የሚነግርህ፣ ጥፋተኛውን አይደለም። በነገራችን ላይ ድሬ ውስጥ አንቱታ ስለማናውቅ አንተ እያልኩ ነው የምቀጥለው፤ መኪና የምትነዱ እህቶቼ፣ ለእናንተም ነው።

ምን ያስፈልግሃል

ብዙ አይደለም። ኢኤልኤም 327 የሚባል የመኪናህን ኮድ ለስልክህ የምታነብ፣ የክብሪት ሳጥን የምታክል መሰኪያ አለች፣ ባለ ብሉቱዝም ባለ ዋይፋይም ትገኛለች። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ጠይቅ፣ ከሌላቸው ያስመጡልሃል። ስልክህ አንድሮይድ ከሆነ ብሉቱዟ ይበቃል፤ አይፎን ከሆነ ግን የድሮዎቹ ብሉቱዝ ስለማይገናኙት ዋይፋይ ያላትን ያዝ። ስልኩ ላይ ካር ስካነር ወይም ቶርክ የሚባለውን አፕ ጫን። ሌላው ቴስተር ነው፣ ቮልትና ኦም የሚለካ፣ ርካሹም ይሠራል። ባትሪ መብራት፣ ካቻቢቴ፣ 10 ቁልፍ። አለቀ።

መሰኪያው ቀዳዳ ከመሪው በታች፣ ከጉልበትህ በላይ ነው፣ 16 ፒን ያለው። አሜሪካ ይህን ቀዳዳ ለሁሉም መኪና ያስገደደችው በፈረንጆች 1996 ነው፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች በ2001። ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ቀዳዳው ቢኖርም ላይናገር ይችላል። ዲኤክስ የምትነዳ ከሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከትህም። ሐረር ላይ ፔጆ 404 የሚነዱት አባባ ደግሞ ይህን ቢያነቡ ይስቁብን ነበር፤ የእሳቸው መኪና ኮምፒውተርም ሴንሰርም ሳትፈልግ ስንት ዘመን ሠርታለች።

ሰዓቱን ማለዳ አድርገው። አንደኛ፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ አድሮ መቀዝቀዙ ለምርመራው ያስፈልግሃል፣ ምክንያቱን እመጣበታለሁ። ሁለተኛ፣ ግንቦት ላይ በድሬ ቀትር ኮፈን ሥር መግባት ራስን መቅጣት ነው። ሦስተኛ፣ የሆነ ነገር ግራ ቢገባህ የምትጠይቀው ኤሌክትሪሺያን ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ነው፣ አታገኘውም። እና አደራ፣ ሽርጥ ለብሰህ ኮፈን ሥር እንዳትገባ። የራዲያተሩ ቬንቲሌተር ሞተር ጠፍቶም በራሱ ጊዜ ሊነሳ ይችላል።

ኮዱን አንብብ፣ አታጥፋ

ሰካ፣ ቁልፉን ኦን አድርግ፣ ሞተር አታስነሳ። አፑ ሲገናኝ ኮዶቹን ያሳይሃል። ሁሉንም በስልክህ ስክሪንሹት አድርግ። ከኮዱ ጋር "ፍሪዝ ፍሬም" የሚባል አለ፣ እሱንም ያዝ፤ መብራቱ በበራባት ቅጽበት መኪናው ስንት ይሄድ እንደነበር፣ የሞተሩ ሙቀት ስንት እንደነበር፣ ምን ያህል ጭነት ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ባየው ኖሮ "ሁልጊዜ ዳገት ላይ፣ ሁልጊዜ ትኩስ ሆኖ" የሚለውን አነብ ነበር፣ ሁለት ሴንሰርም አልገዛም ነበር።

ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ባትሪ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋት ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ እውነት ነው። ከእሱ ጋር ግን ማስረጃውም ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ስለ ሞተሩ የተማረውም ይጠፋል፣ ከዚያ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት) ለቀናት ሲንገዳገድ "ሌላ ችግር መጣ" ትላለህ።

አንድ ነገር ግን ቤት ውስጥ የሚታይ አይደለም። ቼክ ኢንጂኑ ዝም ብሎ ከበራ ጊዜ አለህ፣ ቀስ ብለህ ቤትህ ትደርሳለህ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን አንዱ ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው፣ ያልነደደው ቤንዚን ማርሚታ ውስጥ ገብቶ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊስት ያቃጥለዋል። ዳር ያዝ፣ አጥፋ።

ከሴንሰሩ በፊት የሚታዩት

በመጀመሪያ ባትሪ። ቴስተሩን 20 ቮልት ላይ አድርገህ ያደረ መኪና ላይ ለካ። 12.6 አካባቢ ጤነኛ ነው፣ ከ12.2 በታች ከሆነ ተዳክሟል። አስነሳና እንደገና ለካ፣ ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው መሀል ካልሆነ ዲናሞውን ነው የምትጠረጥረው። ባትሪ ሲደክም ኮምፒውተሩ ይደናገራል፣ ዳሽቦርዱ እንደ ገና ዛፍ ይሆናል፣ አንተም አምስት ሴንሰር በአንድ ቀን ሞተ ብለህ ታምናለህ። አምስት ሴንሰር በአንድ ቀን አይሞትም።

ብዙ ኮድ አንድ ላይ ሲመጣ ሌላም ምክንያት አለ። ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰሮች ብዙዎቹ ከኮምፒውተሩ የሚመጣ አንድ 5 ቮልት ይጋራሉ። ከመሀላቸው አንዱ ወይም ሽቦው ተቃጥሎ ከተነካካ ያንን 5 ቮልት ይዞት ይወርዳል፣ ጎረቤቶቹም ሁሉ እንደ በሽተኛ ይቆጠራሉ። እንዲህ ሲሆን አንድ በአንድ ሶኬታቸውን ንቀልና 5 ቮልቱ መቼ እንደሚመለስ እይ። የተመለሰበት ጊዜ የነቀልከው ነው ጥፋተኛው።

ቀጥሎ ፊውዝ፣ ከዚያ ሶኬት። የሴንሰሩን ሶኬት ስትነቅል ሽቦውን አትጎትት፣ መቆለፊያዋን ተጫን። ውስጡን በባትሪ መብራት እይ። አረንጓዴ ዝገት አለ? የተጣመመ ፒን አለ? ውሃ አለ? የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው። መኪናዋ ላቫጆ ገብታ ሞተሯ በግፊት ውሃ ታጥቦ በማግስቱ ቼክ ኢንጂን ከበራ ሌላ ነገር አትፈልግ፣ ሶኬቶቹን ነቅለህ በአየር አድርቃቸው፣ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ካለህ ንፋ። አይጥ የበላው ሽቦ ደግሞ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። ግቢህ ውስጥ እህል ካለ፣ ወይም መኪናዋ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳትነሳ ቆማ ከሆነ፣ ሽቦውን በጣትህ እየዳሰስክ ሂድ።

ከዚያ ቱቦዎቹን። ሁሉንም አጎብጥ፣ በማየት ብቻ አትለፍ። የእኔን ነግሬሃለሁ።

ቤንዚኑንም አስብ። ነዳጅ የጠፋ ሰሞን ከጀሪካን ገዝተህ ከሞላህ በማግስቱ የሚበራው መብራት የሴንሰር ላይሆን ይችላል።

የአየር ሴንሰር፦ የድሬ አቧራ ሥራ

ድሬ ላይ ሴንሰር ሲበላሽ ካየሁት አብዛኛው የቆሸሸ ነው። ደቻቱ ዳር፣ ሳቢያን አዳዲሶቹ መንደሮች፣ የሽንሌ መንገድ፣ አቧራው ዱቄት ነው። ፊልትሮ ደግሞ እኛ አንቀይርም፣ እናስነፋለን። መንፋቱ ሐራም አይደለም፣ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ መሆን አለበት፣ ኮምፕሬሰሩንም አፍንጫው ድረስ አታስጠጋው፣ ወረቀቱ ይበሳል። ከተነፋ በኋላ ወደ ፀሐይ ይዘህ እየው። በቀዳዳ ብርሃን ከወጣ ጣለው።

ማፍ የሚባለው ሴንሰር ከፊልትሮው ቤት ወጣ ብሎ ቱቦው ላይ የተሰካ ነው። ኮሮላ ላይ በሁለት ብሎን ይፈታል። ውስጡ ከፀጉር የቀጠነ የሚግል ሽቦ አለ፤ አየሩ ሲያልፍ ያቀዘቅዘዋል፣ ኮምፒውተሩ መልሶ ለማጋል የሚያወጣውን ኤሌክትሪክ ቆጥሮ ምን ያህል አየር እንደገባ ያውቃል። ሽቦው አቧራ ከለበሰ ቅዝቃዜው አይሰማውም፣ "ትንሽ አየር ነው የገባው" ይላል፣ ቤንዚን ይቀነሳል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለህ።

ከመፍታትህ በፊት አፑ ላይ ለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ ሚኒሞ ላይ 1.6 ሊትር ሞተር በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት። "ፊዩል ትሪም" የሚለውንም እይ፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ምን ያህል እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በፐርሰንት የሚያሳይ ነው። እስከ 10 ድረስ ወደላይም ወደታችም ችግር የለውም። ቁጥሩ ሚኒሞ ላይ 20 ደርሶ፣ ነዳጅ ረግጠህ 2,500 ዙር ላይ ስትይዘው ወደ ታች ከወረደ፣ የሆነ ቦታ አየር እየሾለከ ይገባል ማለት ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ስትነዳው ካደገ፣ ማፉ ቆሽሿል ወይም የቤንዚን ፓምፑ ደክሟል። የእኔ ቱቦ ይህን ሕግ ያፈረሰች ናት፣ ሚኒሞ ላይ ተዘግታ ጭነት ላይ የምትከፈት። ስለዚህ ቁጥሩ ማፍ ቢልህም ቱቦውን አጎብጥ፣ ደግሜ እለዋለሁ።

የምታጸዳው ለማፍ ተብሎ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ነው። የካርቡሬተር ማጽጃ አይሆንም፣ ፕላስቲኩንና ሽፋኑን ይጎዳል። ቤንዚንም አይሆንም። ጨርቅ፣ ጥጥ፣ የጆሮ እንጨት፣ የትንፋሽህ እፍታም ቢሆን አይሆንም። ትንሽ ራቅ አድርገህ አሥር ጊዜ ያህል ንፋው፣ በጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ሻይህን ጠጣ። ከዚያ ግጠም። ያለ ጨዋታ፣ ብዙ ሰው "አዲስ ማፍ" ብሎ የሚከፍልበት ሥራ ይህቺ ናት።

የሙቀት ሴንሰር፦ ከሁሉ ቀላሉ

ማለዳ ነው ያልኩህ ለዚህ ነው። ሌሊቱን ያደረ መኪና ላይ ቁልፉን ኦን አድርገህ ሁለት ቁጥር አንብብ፤ የሞተሩን ውሃ ሙቀትና የሚገባውን አየር ሙቀት። ሁለቱም ከውጭው አየር ጋር መመሳሰል አለባቸው። የድሬ ማለዳ 24 ከሆነ ሁለቱም እዚያው አካባቢ ይሁኑ። አንዱ 24፣ ሌላው 52 ካለ አንዱ ይዋሻል። ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ላይ ግን ይህን አታድርግ፤ ቀትር ላይ የአየሩ ሙቀት ሴንሰር 60 ቢልህ እውነቱን ነው፣ ኮፈኑ ሥር እንደዚያው ነው።

ቁጥሩ -40 ከሆነ ድሬ በረዶ ጣለ ማለት አይደለም። መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው። 140 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ተነካክቷል።

አሁን የምወዳት ሙከራ። ባለ ሁለት ሽቦ የሙቀት ሴንሰር ላይ ብቻ ነው የምትሠራው፣ ሌላ ሴንሰር ላይ እንዳትሞክራት። ሶኬቱን ንቀል። አፑ ላይ ቁጥሩ ወደ -40 መውረድ አለበት። ቀጥሎ በሶኬቱ ሁለት ቀዳዳዎች ትንሽ ሽቦ አስገብተህ አገናኛቸው። ቁጥሩ ሽቅብ ወጥቶ 140ን መጠጋት ወይም ማለፍ አለበት። ሁለቱንም ካደረገ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ጤነኛ ናቸው፣ ሞተ የምትለው ሴንሰሩን ነው፣ ልትገዛ ትችላለህ። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ግን አዲስ ሴንሰር ብትገጥም ያው ነው፣ ሽቦውን ተከተል። አንድ ብር አላወጣህም።

ማረጋገጥ ከፈለግክ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ሴንሰሩን ፍታውና ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገህ ለካው። ትኩስ ራዲያተር ግን አትንካ፣ ፊትህን ነው የሚያቃጥልህ። የቶዮታ ሴንሰር 20 ዲግሪ ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም ያሳያል፣ 80 ዲግሪ ላይ ደግሞ ከ200 እስከ 400። እኔ ያደረግኩት ከሰል ምድጃ ላይ አሮጌ ድስት ጥጄ ነው። ቴርሞሜትር ገብቷል፣ ሴንሰሩ በሽቦ ተንጠልጥሎ ጫፉ ብቻ ውሃው ውስጥ ነው፣ የቴስተሩ ሁለት ጫፎች ፒኖቹ ላይ ናቸው። ውሃው ሲሞቅ ቁጥሩ ሳይቆም፣ ሳይዘል፣ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። 55 ላይ ድንገት ዘሎ ከጠፋና ከተመለሰ፣ መኪናህ አንዳንዴ ብቻ የምታስቸግርህ ለዚህ ነው። ድስቱን ግን ለወጥ እንዳትመልሰው፣ ባለቤቴ የእኔን እስከዛሬ አልረሳችውም።

ደንገጎን እንደ መለኪያ

ይህን የፃፈ ሰው አላየሁም፣ ስለዚህ እኔ ልጻፈው። ብዙ ትናንሽ መኪኖች ማፍ የላቸውም፣ በምትኩ ማፕ የሚባል የግፊት ሴንሰር ነው ያላቸው። እሱን ለመፈተሽ ሞተር ሳታስነሳ ቁልፉን ኦን አድርግ። ሞተሩ ስለማይስብ ሴንሰሩ የሚያነበው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ይላል፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው ቪዲዮ ሁሉ የሚነግርህም ይህን ነው። ድሬ ግን ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ 88 አካባቢ ማንበብ አለበት። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ስለሆነች ወደ 81 ይወርዳል። ድሬ ላይ 88 አይቶ "100 መሆን ነበረበት፣ ሴንሰሩ ሞቷል" የሚል ሰው ገጥሞኛል። አልሞተም፣ ከፍታ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ሥራ ካለህ ጭነህ ውጣ። ድሬ ላይ አንብብ፣ ደንገጎ አናት ላይ ቆመህ አንብብ፣ ሐረር ላይ አንብብ። ቁጥሩ ከፍታውን እየተከተለ ከተቀየረ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ድሬ ላይ 88፣ ሐረርም 88 ካለ ተጣብቋል።

የቀሩት ባጭሩ

ክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር የሚያነበው)፦ መኪናህ ቀትር ላይ ድንገት ጠፍታ፣ ግማሽ ሰዓት ቆማ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነች የምትነሳ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥር። ሞተሪኖው ሲያዞር አፑ ላይ የሞተሩን ዙር እይ። ሞተሩ እየዞረ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው። የጎረቤቴ መኪና ሽንሌ መንገድ ላይ እንዲህ እየቆመች ሰውዬው በውሃ የራሰ ጨርቅ ሴንሰሩ ላይ ጣል አድርጎ ነበር የሚያስነሳት፤ ምርመራውም ያው ሆነለት።

ኦክስጅን ሴንሰር፦ ከካታሊስቱ በፊት ያለው፣ የድሮው ዓይነት፣ ሞተሩ ሲሞቅ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። አንድ ቦታ ከቆመ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ፒ0135 ማለት ደግሞ ውስጡ ያለው ማሞቂያ ነው፣ ፊውዙን እይ፣ ከዚያ የማሞቂያውን ሁለት ፒን በኦም ለካ፤ ጥቂት ኦም ወይም አሥራ ምናምን ካሳየ አለ፣ ምንም ካላሳየ ተቆርጧል። ፒ0420 ካየህ ሴንሰር ለመግዛት አትሩጥ፣ የሚከሰው ካታሊስቱን ነው። ያገለገለ መኪና ከገዛህ ካታሊስቱ ከነጭራሹ ወጥቶ ተሸጦ ሊሆን ይችላል፣ ሥሯ ገብተህ እይ።

የኤቢኤስ (የፍሬኑ) ሴንሰር ጫፉ ማግኔት ስላለው የብረት ብናኝ ይሰበስባል፣ ቸርኬ አውልቀህ በጨርቅ ጥረገው። ርካሿ ኢኤልኤም ብዙ ጊዜ ኤቢኤስ አታነብም፣ አትናደድባት።

ስሮትል (ለሞተሩ አየር የሚከፍተው ክዳን)፦ ፔዳሉን ቀስ ብለህ ስትረግጥ ፐርሰንቱ ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት። አለቀ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁሉም። የኮምፒውተር ሽቦ ላይ አምፖል ያለው መሞከሪያ አትጠቀም፤ አምፖሉ የሚስበው ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሽቦም በመርፌ አትውጋ፣ ከዓመት በኋላ ከዚያች ቀዳዳ ነው የሚዝገው።

መቼ ነው ወደ አስመጪው ጋራዥ የምትሄደው

የእጄን ሥራ ስለምወድ መኪናውን የሚያስመጣው ድርጅት ጋራዥ የሚሄዱትን የምንቅ እንዳይመስልህ። የእነሱ ማሽን የእኛ መሰኪያ የማታውቀውን ያውቃል። ኤቢኤስ ያነባል፣ ኤርባግ ያነባል፣ ፓምፑን ወይም ቬንቲሌተሩን በትእዛዝ አስነስቶ ይሞክራል፣ የፋብሪካው የሽቦ ሥዕልም አላቸው። ችግሩ እነሱ ያሉት አዲስ አበባ ነው፣ ከድሬ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ፤ በጭሮ፣ በአዋሽ አድርገህ አንድ ቀን፣ ማደሪያ፣ ወረፋ፣ መመለሻ። ስለዚህ የምትሄደው ለሚገባው ነገር ይሁን።

ኤርባግ አንደኛው ነው። ሶኬቶቹ ብጫ ናቸው። ብጫ ካየህ እጅህን ሰብስብ፣ በቴስተርም አትለካው፣ ሊፈነዳ ይችላል። የቁልፍና የኢሞቢላይዘር ጉዳይ፣ ኮምፒውተር መቀየርና ፕሮግራም ማድረግ፣ የመሪ ማዕዘን ሴንሰር ማስተካከል፣ እነዚህም የእነሱ ናቸው። የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ላይ የኢንጀክተሮቹን ቱቦ አትፍታ፣ ውስጡ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ነው፣ ቆዳ በስቶ ይገባል። መኪናህ ገና ዋስትና ላይ ካለች ደግሞ ብሎን እንኳን አትንካ፣ ምክንያት አትስጣቸው።

የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና ማስገባት ከተከለከለ ከ2024 ወዲህ ድሬም ላይ ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። እሷ ላይ ብርቱካናማ ገመድ ያለበትን ሁሉ ተወው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ቤት የምትችለው ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ መለካት ነው፣ እሷ ስትደክም ግን ዳሽቦርዱ ሙሉ ስለሚበራ ከመደንገጥህ በፊት ለካት።

ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ። የሻንሲ ቁጥሩንና ስክሪንሹቶቹን አስቀድመህ ላክላቸው፣ የምርመራ ዋጋውን ከጥገናው ለይተው ይንገሩህ። ኮዱን ከማጥፋታቸው በፊት ወረቀት ላይ ይስጡህ። "ቀይረን እንየው" ካሉህ "ምን ለክታችሁ ነው?" በል፣ በጨዋ ደንብ፣ ግን በል። አሮጌውንም ዕቃ መልሱልኝ በል። በመሀል ሌላ መንገድም አለ፤ ድሬ ውስጥ ጥሩ ማሽን ያላቸው ኤሌክትሪሺያኖች አሉ፣ የምትለያቸው ኮዱን ካነበቡ በኋላ ቴስተር በማንሳታቸው ነው።

ልትገዛ ስትሄድ

አሮጌውን ፈተህ ይዘህ ሂድ፣ ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል። የቶዮታ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቁጥሮች ዓይነቱን ይነግሩሃል፤ 22204 ማፍ ነው፣ 89422 የውሃ ሙቀት፣ 89465 ኦክስጅን ሴንሰር። 89467 የሚል ካየህ ግን ተጠንቀቅ፤ መልኩ ከ89465 ጋር አንድ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ሻጩ "ያው ነው፣ ይገባል" ይልሃል። መግባቱንማ ይገባል።

የሚቻል ከሆነ ከመግዛትህ በፊት ሰፈር ውስጥ ያንተን የምታክል ኮሮላ ያለው ሰው ፈልግና ለአሥር ደቂቃ ሴንሰሩን አስውሰኝ በለው። ድሬ ነው፣ እምቢ የሚል የለም። ከአዲስ አበባው ሱማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል ማስላክ ከአዲስ ፎርጅድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ በተለይ ማፍ ላይ። ኦክስጅን ሴንሰር ግን ያገለገለ አትግዛ፣ የሚያልቅ ነገር ነው።

ገጥመህ ስትጨርስ ኮዱን አጥፋና ሌላ ጊዜ ሲበራ በነበረበት ሁኔታ ንዳት። የእኔ ደንገጎ ነበር። ቱቦዋን ቀይሬ ያኔ ስወጣ ስልኩን ለሚስቴ ሰጥቼ ቁጥሩን እንድታነብልኝ አደረግኩ። በፊት 23 የነበረው ትሪም "ሦስት... አራት... ሦስት" እያለ አናቱ ላይ ደረስን። ከዚያ ሐረር ገብተን አሮጌውን ቱቦ ለዚያ ጋራዥ ልጅ ላሳየው ብዬ ከኋላ ወንበር ላይ ወረወርኩት፤ እስካሁን እዚያው ነው ያለው።